በርገሩ አሪፍ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ግን ማን ጋ ነው?

ስለ በርገሩ ልጀምር። ሌላው ነገር፣ ለባንኮኒ ሠራተኛ ጉርሻ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለውና የጉርሻ ሳጥኑ ጉዳይ፣ ያናድዳል፤ ተናዶ መብላት ደግሞ ለጨጓራም ጥሩ አይደለም።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ከዚህ በላይ ፍንጭ አልሰጥም። "ስሙን ካልጻፍክ ምኑን ገመገምከው?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ለምን እንደደበቅኩት ሲገባችሁ እናንተም ትደብቁታላችሁ። ለጊዜው ዛፍ ጥላ ስር ያለ በርገር ቤት በሉት። ከዚራ ደግሞ ዛፍ የሌለበት የት አለና።

ስጋው እዚያው የተፈጨ ነው። ስትነክሱት ይታወቃል፣ እንደ ጎማ አይለጠጥም። ዳቦውን ቅቤ ቀባ አድርገው ብረቱ ላይ ገልበጥ ያደርጉታል፤ ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጠዋት የወጣ ዳቦ በድሬ ሙቀት ማታ ላይ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቲማቲሙን ስስ አድርገው ነው የሚቆርጡት። ሽንኩርት ይበዛል፤ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አንዴ ከተሠራ በኋላ "አውጡልኝ" ብትሉ ተራችሁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ካቻፑን ተዉት። ቢስባስ ጠይቁ። ባንኮኒው ስር ነው የሚያስቀምጡት፣ ለጠየቀ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ አረንጓዴ ነው፣ ያቃጥላል፣ ከስጋው ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለቢስባሱ ስል ብቻ ከሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ይዤ የመጣሁበት ቀን አለ፤ የባጃጁን ሒሳብ ደምሬ ባስበው ኖሮ እቤቴ ሽሮዬን እበላ ነበር።

ቺፕሱ እንደ ዕድላችሁ ነው። ከዘይት የወጣ ከደረሳችሁ ከከተማው አንደኛ ነው እላለሁ። አሥር ደቂቃ ከቆየ ግን እንደ ረጠበ ወረቀት ይተኛል። ማታ ማታ ወረፋው ሲረዝም ቀደም ብለው ጠብሰው ይከምሩታል፤ ከክምሩ ስር የደረሰው ሰው ዕድለ ቢስ ነው። ማንጎ በደረሰ ጊዜ ጁሱ ይጠጣል፣ ከወቅቱ ውጪ ስኳር ስለሚያበዙበት ለስላሳ ብታዙ ይሻላል። ስፔሻሉ በርገር፣ እንቁላልና ቺዝ ያለበት፣ 420 ብር ነው። ቺፕስ ለብቻው 150። ውድ ነው? ነው። ግን የትኛው ነገር ርካሽ ቀረና። ቫቱ ውስጡ ነው፣ ደረሰኝም ሳትጠይቁ ይሰጧችኋል፤ ይሄን በጥሩ ጎን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ላይ ብዙ መጥፎ ነገር ልናገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስተናጋጅ የለም። ትሰለፋለህ፣ ባንኮኒው ጋ ትደርሳለህ፣ ታዛለህ፣ ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ቁጥር ያለበት ቦኖ ይሰጥሃል፣ ጥግ ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ቁጥርህ ሲጠራ ትሪህን ራስህ ተሸክመህ ወንበር ካገኘህ ትቀመጣለህ። ስትጨርስ ትሪውን መመለሱም ያንተ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ "እናመሰግናለን" የሚል አለበት እንጂ ትእዛዝ ነው።

እና ከካሸሯ ፊት ለፊት፣ ገንዘብ የምትቆጥርበት ቦታ ላይ ልክ ዓይንህ የሚያርፍበት ጋ፣ የመስታወት ሳጥን አለ። "ጉርሻ" ተብሎ በማርከር ተጽፎበታል። ከጎኑ የሚስቅ ፊት ተስሎበታል። ትንሽ ቁልፍም አለው፣ የሻንጣ ቁልፍ የመሰለች።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን እውነት ለመናገር ሳቄ ነው የመጣው። ምን አድርጋችሁልኝ ነው? ያዘዝኩት እኔ፣ የቆምኩት እኔ፣ የተሸከምኩት እኔ። ትሪ የሚመልሰውም እኔው ነኝ። በዚህ ስሌት ጉርሻው ለእኔ ነው የሚገባው። ለራሴ እንዲህ ብዬ መልሴን እስከ መጨረሻዋ ድፍን ብር ኪሴ ከትቼ ሄድኩ፤ ለወራትም እንደዚያው አደረግኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ ራሴ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ እዚሁ ድሬ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ገደማ። ያኔ ሒሳብ በሳህን ነበር የሚሄደው፤ መልሱንም በሳህን ትመልሳለህ፣ ሰውየው ይነሳል፣ ሳህኑ ላይ የቀረው ያንተ ነው። ብልሃቱ መልሱን ዘርዝሮ ማምጣት ነበር፤ ሃያ ብር መልስ አንድ ኖት አድርገህ ካመጣህለት ኪሱ ይከታታል፣ በአምስት በአምስት ካመጣህለት ግን አንዷ ትቀራለች። ይሄን ያስተማረኝ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ ካፌው ውስጥ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። ማታ ሲዘጋ ጓሮ ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። ለቡና ማሽኑ ልጅ ትንሽ እንሰጣለን፣ የተቀረውን አስተናጋጆቹ እንካፈላለን። ዕቃ አጣቢዋ ትዝ ትለን የነበረው ለበዓል ብቻ ነው። እጇ በሳሙና የተላጠው እሷ ነች፣ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ብር የምናነሳው ደግሞ እኛ። ያኔ ይሄ ልክ ነው ወይ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፈገግታው የእኔ ነው፣ ብሩም የእኔ ነው፣ አለቀ።

ስለዚህ ስለ ጉርሻ ሳወራ ከውጪ ሆኜ አይደለም። በልቼበታለሁ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣች። ድሬ ተወልዳ ያደገች ነች፣ አቦ ሳትል አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም፣ አሥራ ምናምን ዓመት ውጪ ኖራ እንኳ አልለቀቃትም። ወደዚህ ቤት ወሰድኳት። ሳጥኑን ስታይ ባንኮኒው ጋ ቆማ በሳቅ ሞተች።

"አቦ እዚህም ደረሰ?" አለችኝ። "እኔ ከዚህ ሸሽቼ ነው የመጣሁት!"

ትሪያችንን ይዘን ተቀመጥንና ነገሩን አስረዳችኝ። እዚያ ባንኮኒ ላይ ስትከፍል ስክሪኑን ወደ አንተ ያዞሩታል አለች፤ 18 ፐርሰንት፣ 20 ፐርሰንት፣ 25 ፐርሰንት ይላል፣ ታች ደግሞ በትንሹ "የለም" የሚል አለ፣ ከኋላህ የተሰለፈው ሰው ጣትህን እያየ ነው፣ ልጅቷም እያየችህ ነው። ቡና ልትገዛ ገብተህ ፈተና ላይ ተቀምጠህ ትወጣለህ። ሰው ሁሉ ተማርሯል አለች። እሷ ራሷ መጀመሪያ የሄደች ጊዜ ሳንድዊች ቤት ባንኮኒ ላይ ሠርታለች። ታዲያ ከማንም በላይ ለባንኮኒ ሠራተኛ ታዝናለች ብዬ ስጠብቅ "አይሰጥም!" ብላ ድርቅ አለች።

ክርክሯ ይሄ ነው። እዚያ አገር ቁጭ ብለህ የምትበላበት ቤት ያለ አስተናጋጅ በጉርሻ ነው የሚኖረው፤ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ በጥሬው እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ይሄ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነካም፣ በነሱ አቆጣጠር ነው። ባንኮኒ ላይ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ነው የሚያገኘው፤ የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ነው፣ እሱም ከ2009 ወዲህ ንቅንቅ አላለም፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ካሊፎርኒያ በ2024 ለትልልቆቹ ፈጣን ምግብ ቤቶች ሠራተኞች በሰዓት 20 ዶላር አድርጋዋለች። "ስለዚህ" አለች የአክስቴ ልጅ፣ ቺፕሱን በቢስባስ እያጠቀሰች፣ "ለአስተናጋጁ ካልሰጠሁ ደመወዙን ነው የነሳሁት። ለባንኮኒው ልጅ ካልሰጠሁ ግን ምንም አልነሳሁትም፣ አሠሪው ከፍሎታል። እኔ እዚያ ስሠራ ማንም ሳንቲም ሳይሰጠኝ ኖሬያለሁ።"

ሁለተኛው ነጥቧ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። "ጉርሻ ከበላህ በኋላ ነው። እዚህ ግን ገና ሳትበላ፣ በርገሩ ይምረር ይጣፍጥ ሳታውቅ፣ ሳጥኑ ፊትህ ላይ ተደቅኗል። ቀድመህ የምትሰጠው ነገር ስሙ ሌላ ነው። ጉቦ ነው የሚባለው።"

ሳቅሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ፤ ምክንያቱም ክርክሯ እዚያ አገር ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን አንድ እግሩ የለም። "አሠሪው ከፍሎታል" የምትለው እግር። እኛ ጋ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ተብሎ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል። ተጽፏል፤ ባንኮኒው ላይ ያለች ካሸር ግን እስካሁን ወለል የሌለው ቤት ውስጥ ነች። ባለቤቱና እሷ የተስማሙበት ነው ደመወዙ፤ እሷ ደግሞ ሥራ ፈልጋ የመጣች ስለሆነች "ተስማማች" የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ድሬ ላይ ጉርሻ የት ይሰጣል የት አይሰጥም የሚለው ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ፉል ቤት ማንም ጉርሻ አይሰጥም፤ ጠዋት ተሻምተህ በልተህ፣ ከፍለህ፣ ሩጫ ነው። ሳምቡሳ መንገድ ላይ ለምትጠብስ ሴት ጉርሻ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው እጁን ያውጣ። ያቺ ሴት ከእሳት ጋር የምትውለው ከማንም አስተናጋጅ በላይ ነው። ቀፊራ ገበያ ብትሄዱ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው የምታገኙት፤ ሎሚ ገዝተህ "መርቂልኝ" ስትላት ሁለት ሎሚ ጣል ታደርግልሃለች። እዚያ ጉርሻው ከሻጭዋ ወደ ገዢው ነው የሚሄደው፤ ካልመረቀችህ አንተ ነህ የምታኮርፈው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያለበት ቤት ስንገባ ግን ሁላችንም ለጋስ ነን። ለጨርቁ ነው እንዴ የምንሰጠው?

ወደ ሳጥኑ ልመለስ።

አንድ ማታ፣ ሰኔ ላይ፣ ያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓትም ሆኖ አስፋልቱ የሚተፋው ሙቀት ያለበት ጊዜ፣ ወረፋ ላይ ነኝ። ድሬ እንደምታውቁት ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ይተኛና ማታ ነው የሚነቃው፤ በርጫውም ተፈትቶ ሁሉም ወደ ከዚራ ይጎርፋል። ወረፋው ውጪ ድረስ ነው። ባንኮኒው ኋላ ሦስት ሰዎች ናቸው ያሉት። ካሸሯ፣ ብረቱ ላይ ያለው ሼፍ፣ እና ዘይቱ ጋ ያለው ልጅ። አየር ማውጫው ይጮሃል እንጂ አየር አያወጣም። የዘይቱ ልጅ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠምጥሟል፤ በየአምስት ደቂቃው ከባልዲ ውስጥ ነክሮ መልሶ ይጠመጥመዋል። እኔ ወረፋ ላይ ቆሜ እያላበኝ ነው፣ እሱ የሚፈላ ዘይት ላይ ቆሟል። እና "ምን አድርጋችሁልኝ ነው" ያልኩት ነገር ትዝ አለኝ። አፈርኩ። ትሪውን እኔ ተሸከምኩ፤ እሺ። ትሪው ላይ ያለውን ግን ማን አበሰለው? ለካ እኔ ስለ መሸከም ብቻ ነው የማውቀው፣ አስተናጋጅ ስለነበርኩ። ጉርሻ ለፈገግታ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

እናም ሃምሳ ብር አውጥቼ ሳጥኑ ውስጥ ልከት እጄን ስዘረጋ ካሸሯ በዓይኗ አየችኝ። ቃል አልተናገረችም። ቅንድቧን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረገች፣ "ተው" የሚል ነገር። ግራ ገባኝ፣ እጄን መለስኩ።

ቦኖዬን ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ እሱ የእኛ አይደለም" አለችኝ።

"የማን ነው ታዲያ?"

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ካሜራ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ሃምሳ አራት ቁጥር፣ በዚያ በኩል ይጠብቁ!" አለች። ድሬ ላይ አንቱ ስትባል የሆነ ነገር እንዳለ እወቅ።

ታሪኩን ቆይቼ ነው ያገኘሁት፣ ከአንድ እዚያ ሠርቶ ከለቀቀ ልጅ። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ባለቤቱ ጋ ነው። በወሩ መጨረሻ ይከፈታል። መጀመሪያ የካሸር ጉድለት ይቀነሳል። ከዚያ የተሰበረ ብርጭቆ። ከዚያ በስህተት ተሠርቶ የተመለሰ በርገር። የደንበኛ ሹካ ከጠፋ ሹካው። የተረፈው ካለ ይካፈላሉ፤ የሚተርፍበት ወር ግን ብዙም የለም። "አንድ ወር ሰማንያ ብር ደርሶኛል" አለኝ። ሰማንያ ብር። የእኔን ብቻ በየሳምንቱ ብሰጥ ኖሮ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ስሙን ለምን እንዳልጻፍኩ ገባችሁ? ስሙን ብጽፍ ባለቤቱ ሳጥኑን አያነሳም። ልጅቷን ነው የሚያነሳት።

ይሄን ነገር ካወቅኩ በኋላ ትንሽ አነበብኩ፣ ሕግ የሚያውቅ ጓደኛዬንም አስቸገርኩ። ያገኘሁት ነገር ይበልጥ አናደደኝ። አዋጁ ላይ ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጎም ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም ይላል። እሺ፣ ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከሥራ ብትሰናበት የስንብት ክፍያዋ የሚሰላው በደመወዟ ነው። የትርፍ ሰዓቷ፣ በአዘቦት ቀን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ የሚሰላው በደመወዟ ነው። ጡረታ፣ ከእሷ 7 ፐርሰንት፣ ከአሠሪው 11 ፐርሰንት፣ በደመወዟ ነው። ስለዚህ "ደመወዝሽ ትንሽ ቢሆንም ጉርሻ አለው" ብሎ የሚቀጥር ሰው በአንድ ድንጋይ ብዙ ነገር ነው የሚቆርጠው። አሁን የምታገኘውንም፣ በኋላ የምታገኘውንም።

ሌላም አለ። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ እንዲሁ ተነስቶ መቁረጥ አይቻልም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፣ ያም ሆኖ በአንድ ላይ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ጥሩ ሕግ ነው። ሳጥኑ ግን ደመወዝ አይደለማ! ብልሃቷን አያችኋት? የብርጭቆውን ዋጋ ከደመወዝ ቢቆርጥ ክስ አለ፣ ከሳጥኑ ቢቆርጥ ግን ማንም አልነካውም። ብርጭቆውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ለልጁ ፎጣ መግዣ ይሁን ብዬ የሰጠሁት ብር የባለቤቱ ብርጭቆ መተኪያ ሆነ።

የአክስቴ ልጅን ደወልኩላትና ነገርኳት። እዚያ እኮ ይሄ ክልክል ነው አለችኝ፤ በነሱ አቆጣጠር በ2018 ሕጉ ሲሻሻል አሠሪም ማናጀርም ከሠራተኛው ጉርሻ ላይ ለራሱ መውሰድ እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ "አቦ እኔ እኮ ስለ መስጠት ብቻ ነው ስከራከር የከረምኩት፣ ስለ መውሰድ ማን አሰበ" አለች። እኔም አላሰብኩም ነበር።

ቴሌብር ደግሞ ነገሩን ሌላ መልክ ሰጥቶታል። ከ2013 ግንቦት ወዲህ፣ ቴሌብር ከመጣ፣ መልስ የሚባል ነገር እየጠፋ ነው። 420 ከሆነ 420 ትልካለህ፣ ሳህን ላይ የምትቀር አምስት ብር የለችም። እኔ አስተናጋጅ ብሆን ኖሮ ይሄኔ ያ መልስ ዘርዝሮ የማምጣት ጥበቤ ሙዚየም ነበር የሚገባው። አንዳንድ ቤት አስተናጋጆቹ የራሳቸውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ደረታቸው ላይ ለጥፈው አይቻለሁ፤ ገንዘቡ ቀጥታ እነሱ ጋ ይገባል፣ ሳጥን የለ፣ ቁልፍ የለ። ይሄን ነገር በጣም ወደድኩት። የእኛ በርገር ቤት ግን ባንኮኒው ላይ የተለጠፈው ኪውአር ኮድ የድርጅቱ ብቻ ነው፣ ሠራተኛው የራሱን ቁጥር ለደንበኛ መስጠትም አይፈቀድለትም ተባልኩ። ስልክ ራሱ ሥራ ሲገቡ ያስረክባሉ።

ታዲያ ለባንኮኒ ሠራተኛ ጉርሻ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? የእኔ መልስ ይሰጣል ነው። ግን ለሰው ነው የሚሰጠው፤ ሳጥን ሰው አይደለም። ጉርሻ እኮ መጀመሪያም ቃሉ የእጅና የአፍ ነገር ነው፣ ጠቅልለህ ሰው አፍ ውስጥ የምታስገባው ነው፤ እንጀራ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከቶ "አጎረስኩህ" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሳጥን ካያችሁ ጠይቁ። "ማን ነው የሚከፍተው?" በሉ። ጮክ ብላችሁ፣ ባለቤቱ ካለም ይስማ። ልጅቷን ግን አትጠይቋት፤ ካሜራ ስር ናት። ሳጥኑን ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚከፍቱበት ቤትም አለ፣ አንድ ሁለቱን አውቃለሁ፣ እዚያ ሳላቅማማ ነው የምከተው። ድሃ ደንበኛም አለ፣ ተማሪ አለ፣ አንድ በርገር ለሁለት የሚካፈሉ ልጆች አሉ፤ እነሱ ባይሰጡ ማንም ቅር ሊለው አይገባም፣ በደመወዝ ፈንታ ሰውን በጉርሻ ማኖር የደንበኛው ዕዳ አይደለም። ይሄን ስል ባለቤቱ ሰምቶ "አያችሁ፣ አትስጡ አለ" እንዳይል፤ ያልኩት ደመወዙን ጨምር ነው።

የቀረውን ግምገማ ቶሎ ልጨርስ። ንጽሕናው ጥሩ ነው፣ ጠረጴዛ ይጠረጋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ሲኖር ጥሩ ነው። ወንበሮቹ ብረት ናቸው፣ ቀን ፀሐይ የመታው ላይ አትቀመጡ። ሙዚቃው ይጮሃል፤ ዝቅ አድርጉልን ስትላቸው ለሁለት ዘፈን ያህል ዝቅ ይላል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወንበር አታገኙም። ቴካዌይ አትውሰዱ፣ በላብ ይርሳል፤ ያ ሁሉ የዳቦ መጥበስ ሥራ ፌስታል ውስጥ ያልቃል። ለበርገሩ ከአምስት አራት ኮከብ። ለቢስባሱ አምስት። ለሳጥኑ ዜሮ፤ ከዜሮ በታች መስጠት ቢቻል እሰጥ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሄጄ ነበር። ይሄን ሁሉ አውቄ ለምን እንደምሄድ አትጠይቁኝ፣ ቢስባሱን ነግሬያችኋለሁ። አዘዝኩ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ ሳጥኑን እንዳላየሁ አልፌው ቦኖዬን ያዝኩ። ስልሳ ሰባት ቁጥር። ገና ሃምሳ ዘጠኝ ነው የተጠራው። በጎን በኩል ወዳለችው መተላለፊያ ወጣ ስል የዘይቱ ልጅ ከበርሜል ውሃ እየቀዳ ራሱ ላይ ያፈሳል። ሰላም አልኩት። ካሜራ እዚያ የለም፣ ቀና ብዬ አይቻለሁ፣ እኔም ተምሬያለሁ።

መቶ ብር አጥፌ ሰጠሁት። ደነገጠ።

"ለምንድን ነው አባ?"

"ለቺፕሱ።"

ሳቀ፣ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ። ከዚያ ቆም አለና "ለእሷም ላካፍላት?" አለኝ፣ በአገጩ ወደ ካሸሯ እያመለከተ።

"ለዕቃ አጣቢዋም" አልኩት። አለች አይደል፣ ማንም የማያያት። እሺ አለ። ጫማውን አውልቆ ብሩን ከውስጥ ሶሉ ስር አስገባው። ሲወጡ ኪሳቸው ይፈተሻል።

ስልሳ ሰባት ተጠራ። ትሪዬን ተሸክሜ ተቀመጥኩ። ቺፕሱ ከዘይት የወጣ ነበር፣ እጅ ያቃጥላል፤ የአክስቴ ልጅ አለመኖሯ በጀኝ።